ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር

መስከረም 18

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ ልጀምር ወይስ ይቅርታ ብዬ? ሁለቱንም አስቤ ሁለቱንም ጻፍኩ፤ የቀለለሽን ተቀበይ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ከዘጋሽብኝ ወዲህ አሥር ጊዜ ደውያለሁ። አንዲት ሴት ታነሳና "የደወሉለት ቁጥር ለጊዜው አይሠራም" ትለኛለች። ድምፅዋ ካንቺ የድሮ ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል የባሰ ይከፋኛል። ሠላሳ ዓመት ማዞሪያ ክፍል ተቀምጣ የሰውን ሁሉ ስልክ ስታገናኝ የኖረች ኦፕሬተር የገዛ ወንድሟ ላይ ትዘጋለች? ያውም ጓ አድርጋ! ምን ላይ እንደወረወርሽው እንጃ፤ ጆሮዬ እስኪጮህ ሰማሁት።

ጥፋቴን አውቃለሁ። "ረሳሽው? አረጀሽ እንዴ?" ማለት አልነበረብኝም። ቀልዴን ነው። ስድስት ዓመት የምትበልጪኝ ቢሆንም ጭንቅላትሽ ከእኔ እንደሚሻል ዓለም ያውቃል፤ ባይሻል ኖሮ ምን አስደወለኝ?

ለልጅ ልጆቻችን በእንጨት የምሠራው ትንሽ ሰፈር ጥሩ ሆኗል። ያደግንበት፣ የፈረሰው መንገዳችን እንዳለ በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ቆሟል፤ ቤቶቹ የክብሪት ሳጥን ያክላሉ። አሥራ አንዱ አልቀው ቫርኒሽ ተቀብተዋል። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው፤ አንድ ጥርስ የወለቀበት አፍ መስሏል። ከዚያ ቤት ትዝ የሚለኝ ሰማያዊ በሩ ብቻ ነው። በሩን ሠርቼዋለሁ፤ የሚቆምበት ግድግዳ ግን የለኝም። የማን ቤት ነበር? "እሱማ የ…" ብለሽ ነው የዘጋሽብኝ።

ስለ ሌሎቹ ቤቶች የቀሩኝን ጥያቄዎች በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ስትታረቂኝ መልሺልኝ።

ጩጬው ወንድምሽ

.

መስከረም 27

ጩጬዬ፣

አልተቀየምኩህም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው፤ ይኸው ነው ነገሩ። ሠሪው ዘንድ ብወስደው ዓይቶት "እማማ፣ ይኼ መኪና ሄዶበታል?" አለኝ። ስለዚህ ለጊዜው በደብዳቤ እንግባባ። ደብዳቤ ደግሞ ጥሩ ነገር አለው፤ ሰው ሲያነብ ይቀመጣል።

በወረቀትህ ለጠየቅኸኝ በየተራ፦ አዎ፣ የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ በግራ በኩል ነበር። አይደለም፣ የጫማ ሰፊው ቤት መስኮት አልነበረውም፤ በሩን ከፍቶ ነበር የሚሠራው፣ ክረምትም ቢሆን። የመምህሩ ውሻ ነጭ አልነበረም። ነጭ የሆነው ዱቄት ቤት ገብቶ የወጣ ዕለት ነው፤ አንተ ደግሞ ያንን ዕለት ብቻ ነው የምታስታውሰው።

ስለ ሰማያዊው በር ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አሁን ትንሽ ደከመኝ። ለጽሑፌም ይቅርታ፤ ብዕሩ አዲስ ነው።

እህትህ

.

ጥቅምት 6

እትዬ፣

ብዕሩ አዲስ ነው! ደብዳቤሽን ባለቤቴ ዓይታ "ዶሮ የጫረችው ነው" ስትለኝ ተከራክሬልሽ ነበር። ትናንት ልጅሽ ደወለችልኝ።

ርዕሰ መምህር ሆና ሰው መውቀስ ስለለመደች እኔንም እንደ ዘገየ ተማሪ አቁማ ነው ያናገረችኝ። "አጎቴ፣ እናቴ ከደረጃ ወድቃ ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ነው፤ አታውቅም እንዴ?" አለችኝ። እንዴት እንደወደቅሽ ብጠይቃት "ለእኔም አልነገረችኝም፣ 'ደረጃ ደረጃ ነው' ብቻ ነው የምትለው" አለችኝ።

በግራ እጅሽ እየጻፍሽ ስለ መምህሩ ውሻ ትነግሪኛለሽ? ለእንዲህ ያለው ነገር ወንድም ካልሆንኩ ለመቼ ነው የምሆንሽ? ተቆጥቻለሁ፤ ይህን እወቂልኝ። የላክሁልሽ ሙቅ ካልሲ ግን ቁጣዬን አይመለከትም፣ አድርጊው።

ሁሉንም ጻፊልኝ። የሚያምሽ የት ነው? ማን ይረዳሻል? ደግሞስ ልጅሽ "ውሳኔ ላይ ደርሰናል" ያለችኝ ምንድን ነው?

ወንድምሽ

.

ጥቅምት 15

ወንድሜ፣

ካልሲው ደርሶኛል፤ ለአንዱ እግሬ ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ነው፤ ባለቤትህ ናት የሠራችው ማለት ነው፣ ሳሚልኝ።

እሺ፣ ወድቄአለሁ። የተሰበረው የእጄ አንጓ ብቻ ነው፤ አያመኝም ብል ውሸት ነው፣ ግን ከእጄ ይልቅ ውሳኔው ነው የሚያመኝ። ልጄ ቤቴን ለቅቄ እሷ ጋ እንድገባ ትፈልጋለች። የእሷ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የአትክልት ቦታ አለው፤ እንከን አይወጣለትም። ግን የእኔ አይደለም። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ባሌ የሞተው እዚህ ነው። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ባቡር ጣቢያው፣ ገበያው፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሁሉም ከፊቴ ነው። አርባ ስድስት ደረጃ አለው፤ ልጄ አርባ ስድስቱንም የጠላት ወታደር አድርጋ ነው የምትቆጥራቸው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሐኪሙ አስታረቀን። ስምምነቱ ይህ ነው፦ ስምንት ሳምንት ሆስፒታሉ ውስጥ "የሚዛን ክፍል" በሚባለው እሠለጥናለሁ። ከዚያ በልጄ ፊት አርባ ስድስቱን ደረጃ እወጣለሁ። ሳልንገዳገድ ከወጣሁ ቤቴ ቤቴ ነው። ከተንገዳገድኩ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።

አሁን የመጀመሪያውን ቀን ልንገርህ፤ ኩም ያልኩበትን። ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ እግር ናት፣ ፈገግታዋ ደስ ይላል። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። "እማማ፣ በዚህ ላይ ይሂዱ" አለችኝ። ሄድኩ፣ ምንም። "አሁን ደግሞ እየሄዱ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ይቀንሱ" አለችኝ። ለእኔ! የከተማውን ስልክ ቁጥር በሙሉ በቃሏ ለያዘች ሴት! ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ እያልኩ እስከ ሁለት ድረስ አንድም ሳልስት አወረድኩት። ደረቴን ነፍቼ ዞር ስል ልጅቷ ወገቤን በሁለት እጇ ይዛኛለች። ሦስት ጊዜ ከመስመሩ ወጥቻለሁ፤ አንዴም ወደ ግድግዳው ልሄድ ነበር። እኔ ምንም አልተሰማኝም!

ከእኔ ቀጥሎ አንድ ጡረታ የወጡ ባለ ልኳንዳ ተነሡ። "መቶ፣ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ… ሰማንያ ምናምን፣ ተዪኝ ልጄ!" እያሉ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ሄዱ። እሳቸው ተመሰገኑ። እኔ ተመዘገብኩ።

ልጅቷን አሁን "ሰባት ይቀንሱ" ብለን ነው የምንጠራት። ስትነግረኝ፣ ድሮ እግር በራሱ ነበር የሚሄደው፤ ስናረጅ ግን እግርም ሐሳብ ይፈልጋል አለች። ጭንቅላቴ ቁጥሩን ሲይዝ እግሬን የሚጠብቅ አይኖርም። "ሲወድቁ ምን እያደረጉ ነበር?" ብላም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሌባውን እንዳገኘ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ለአንተ ግን አልነግርህም፤ አትጠይቀኝ።

እህትህ

.

ጥቅምት 24

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት። "አንተስ?" አለችኝ። እኔማ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አሁንም መላጊያ እገፋለሁ፣ ምን እሆናለሁ አልኩ። በአንድ እግሬ አቆመችኝና ከመቶ ላይ ሰባት ቀንስ አለች። ዘጠና ሦስትን አለፍኩ። ሰማንያ ስድስት ላይ ግን የኮላው ጣሳ ውስጥ ነበርኩ። ይህን የምጽፍልሽ ጫማዬ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነው። እስከዚህ ድረስ እንድትስቂ ነው የጻፍኩት።

አሁን ግን ልጠይቅሽ፣ ብትከለክዪኝም። ልጅሽ ጄሶው የታሠረው ማክሰኞ ቀን እንደሆነ ነገረችኝ። መስከረም ውስጥ፣ ጠዋት። እኔም የደወልኩልሽ ማክሰኞ ጠዋት ነው። "እሱማ የ…" ያልሽው ማክሰኞ ነው። ያ ጓ ያለው ነገር ስልኩን ስትወረውሪ አልነበረም።

እኔ ነኝ አይደለም? ደረጃ ላይ ሆነሽ ጠየቅሁሽ። "አረጀሽ እንዴ?" አልኩሽ። አንቺ ወድቀሽ እኔ እዚህ ስልክ ዘጋችብኝ ብዬ አኮረፍኩ።

እትዬ፣ ሰፈሩን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። ከእንግዲህ አንድም ጥያቄ አልጠይቅሽም። ልጅሽም ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ምድር ቤት ገብተሽ ብታርፊ ይሻላል። ባዶው ቦታ ባዶ ይቅር።

ወንድምሽ

.

ኅዳር 2

አንተ ልጅ!

አንሶላውን አሁኑኑ አንሣ። ይህን ደብዳቤ እንኳ ሳትጨርስ አንሣውና ተመለስ።

ተመለስክ? ጥሩ። አዎ፣ ከአንተ ጋር እያወራሁ ነው የወደቅሁት። ወደ ታች እየወረድኩ ነበር፤ አንድ እጄ ቆሻሻ ይዟል፣ ሌላው ስልክ። አራት ደረጃ ተንከባልዬ ማረፊያው ላይ ቀረሁ፤ ስልኩ ግን ምድር ቤት ድረስ ዘለቀ። የደበቅሁህ እንዲህ እንደምትሆን ስለማውቅ ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ ጥፋተኛ ስትፈልግ መጀመሪያ የምትፈትሸው የራስህን ኪስ ነው።

"ምድር ቤት ብትገቢ" ያልከው ግን ሆድ አስባሰኝ። ልጄ ብትለኝ ልጄ ናት፣ ፈርታልኝ ነው። አንተም ከእነሱ ጋር ከሆንክ እዚህ ደረጃ ላይ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው።

አሁን በደንብ አድምጠኝ። የጣለኝ ጥያቄህ አይደለም፤ የእኔ አመል ነው። ማዞሪያ ክፍል ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አለቃችን መጀመሪያ ያስተማረችን "ደዋይ መልስ ሳያገኝ አይቀርም" የሚለውን ነው። ራስ ምታት ይኑርሽ፣ ወንበርሽ ይሰበር፣ መልሱ ይቀድማል። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ አመሉ አብሮኝ ወጣ። አንተ "ረሳሽው?" ስትለኝ ደረጃውን ረሳሁና መልሱን ያዝኩ።

ስለዚህ ጥያቄ አታቁምብኝ። ይልቅ ጨምርልኝ። ሰባት ይቀንሱን "ቁጥር ሰለቸኝ፣ የራሴን ጥያቄ ላምጣ?" ብላት በጣም ደስ አላት። እንዲያውም ኑሮ ላይ የሚያጋጥመን ከመቶ መቀነስ ሳይሆን እንዲህ ያለው ነው፣ ሰው የሚወደውን ነገር ሲጠየቅ ነው ልቡ የሚሄደው አለችኝ። ስለ ሰፈራችን ጥያቄ ጽፈህ ላክልኝ፤ እሷ እየጠየቀችኝ እኔ እሄዳለሁ።

አትጠይቀኝ ካልከኝ ነው የማረጀው።

እህትህ

.

ኅዳር 11

እትዬ፣

አንሶላው ተነሥቷል። በሁለተኛው መስመር ላይ ነው የተነሣሁት፣ ታዛዥ ነኝ።

አርባ ካርድ ልኬልሻለሁ። በአንዴ እንዳይከብድሽ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ሄጃለሁ፦ "የውኃው ቧንቧ በማን ደጅ ነበር?" ከሚለው "ጫማ ሰፊው ሲስቅ የትኛው ጥርሱ ይታይ ነበር?" እስከሚለው። ከካርዶቹ ጋር አንድ የታሸገ ፖስታ አለ። እሱን የምትከፍተው ሰባት ይቀንሱ ናት፣ ያውም በፈተናሽ ቀን ብቻ። ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ፤ አልደበቅሁሽም።

ከደብዳቤሽ ጋር ባያያዝሽው ወረቀት ስለ ደረጃው መደገፊያ ለጠየቅሽኝ፦ ይቻላል። መደገፊያው በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ በግራውም እሠራልሻለሁ። በላክሽልኝ ልክ እንጨቱን ቆርጬ፣ የብርጭቆ ወረቀት መትቼ፣ እጅ እንዳይልጥ አለስልሼዋለሁ። ልኩን በግራ እጅሽ ብትወስጂውም አልተዛነፈም፤ ገርሞኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ልዝጋ። ከአንቺ ጋር ነኝ። ከልጅሽም፣ ከሐኪሙም ጋር አይደለሁም። ከአንቺ ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ጩጬው

.

ኅዳር 28

ጩጬዬ፣

ጄሶው ወጥቷል፤ ጽሑፌን እይ፣ ቆንጆ አይደለም? እጄ ግን ቀጥኖ የሌላ ሰው እጅ መስሎኛል።

ስለ ሥልጠናው እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላ ነገር መደበቅ ስላልቻልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወድቄ ነበር። መሬት ላይ አይደለም፣ በፈተናው። ካርድህ በተነበበ ቁጥር እግሬ ቀጥ ይላል። ስለ ውኃው ቧንቧ ልጅቷ ስትጠይቀኝ በድንገት ቆምኩ፤ ከኋላዬ ይመጡ የነበሩት ባለ ልኳንዳ ጀርባዬ ላይ ደረሱ። "እማማ፣ ፍሬን ሲይዙ መብራት ያብሩ!" አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አየሁት። አቧራውንም ጠረግሁለት። ፈርቻለሁ ወንድሜ። ይህን ለልጄ አልልም፣ ለአንተ ነው የምለው።

በማግስቱ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አለቃችን ያስተማረችን አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። የስልክ ማገናኛውን ገመድ በእጅሽ ይዘሽ ሌላ ደዋይ ከመጣ የያዝሽውን ገመድ አትጣዪ ትለን ነበር። "ይጠብቁኝ" ትያለሽ፣ በደስታ ድምፅ፤ የያዝሽውን ትሰኪያለሽ፤ ከዚያ ትመለሻለሽ። ደዋዩ አይቀየምም። ይጠብቁኝ ያለችው ኦፕሬተር እንደምትመለስ ያውቃል። ስንት ሺህ ጊዜ ብዬው ይሆን? እንዴት ለእግሬ ማለትን ረሳሁ?

ሄድኩ። ሰባት ይቀንሱ "የመምህሩ ባለቤት ምን ትዘፍን ነበር?" ስትል "ይጠብቁኝ!" አልኳት፣ በድሮ ድምፄ። ቀዩን ፕላስተር እስከ ጫፉ ሄድኩት። ዞርኩ። ከዚያ መለስኩላት፣ ዘፈኑንም አዜምኩላት። እሷ እጇን እያጨበጨበች "ይኸው ነው! እግር መጀመሪያ!" አለች። አሁን ቀላል ቀላሉን እየሄድኩ እመልሳለሁ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን ነው። ከባድ ሲመጣ ግን ይጠብቁኝ። ባለ ልኳንዳውም ይህቺን ቃል ወስደዋታል፤ ትናንት ሐኪሙ ስለ ክብደታቸው ሲጠይቃቸው "ይጠብቁኝ" ብለው ወጡ።

ፈተናው ታኅሣሥ 8 ነው። እመጣለሁ ብለህ ለልጄ ለነገርካት፣ አትምጣ። አንተ ካየኸኝ ላንተ ስል እቸኩላለሁ። እዚያው ሆነህ ጠብቀኝ።

እህትህ

.

ታኅሣሥ 9

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ሰላምታ ላብዛ፤ ባለቤትህ ደህና ናት? ኮላው ከጫማህ ለቀቀ? የዘንድሮ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? አውቃለሁ፣ አሁን ወረቀቱን ገልብጠህ መጨረሻውን ልታይ ነው። ተቀመጥና በተራ አንብብ። ከዚህ በኋላ አላቻኩልም፣ አልቻኮልምም።

ትናንት ጠዋት ሦስታችን ከምድር ቤት ተነሣን። እኔ መሐል፣ ሰባት ይቀንሱ ከጎኔ፣ ልጄ ከኋላ። ልጄ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ወረቀት ይዛለች፤ ብዕሩን ግን ገልብጣ ነበር የያዘችው። ያን ሳይ ነው ለካ ይቺ ልጅ ያን ዕለት ምን ያህል ደንግጣ ነበር ያልኩት። የመጀመሪያዎቹን ካርዶች እየወጣሁ መለስኩ። የጫማ ሰፊውን ጥርስ ይጠብቁኝ ብዬ ማረፊያው ላይ መለስኩ። አሥራ ዘጠነኛውን ደረጃ፣ የወደቅሁበትን፣ ሳልቆም አለፍኩት።

ሠላሳኛው ላይ ልጅቷ ፖስታህን ቀደደች። "ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር የማን ነበር?"

ያው ጥያቄ፣ ያው ደረጃ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ አፌ ላይ ነው። ልጄ "እማዬ" ልትል አፏን ስትከፍት ሰማኋት፣ ግን አላለችም። "ይጠብቁኝ" አልኩ። እግሬን አሰብኩ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። አርባ ስድስት። የቤቴን በር ያዝኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ወረቀቷን ለሁለት ቀደደችውና ጉልበቴ ላይ ራሷን ጥላ አለቀሰች፤ ቀጥላ ተነሥታ ደንብ አወጣች። ስልኬ ገመድ ያለው ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ ይታሠራል፣ ደረጃ ላይ ስልክ ክልክል ነው። የግራው መደገፊያ ይገጠማል። ተስማምቻለሁ። ሻንጣው ወደ አልጋ ሥር ተመልሷል።

አሁን መልስህ። ቤቱ የልብስ ሰፊዋ ነበር። ሜትሩን ከአንገቷ የማታወርድ፣ ቀጭን፣ ቁጡ የምትመስል ሴት ነበረች። አንተ ሦስት ዓመት ሳይሞላህ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ ለዚህ ነው ትዝ የማትልህ። በሩ ለምን ትዝ እንደሚልህ ግን እኔ አውቃለሁ።

አንተ እግርህ ዘገየ። ሁለት ዓመት ሊሞላህ ሲል እንኳ አትሄድም ነበር፤ እናታችን በድብቅ ታለቅስ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሊያስተምርህ ይወጣል። ከደጃችን ያቆሙሃል፣ ዳቦ ጋጋሪው ከወዲያ ስምህን ይጠራል፣ ጫማ ሰፊው ያጨበጭባል፣ የመምህሩ ባለቤት ትዘፍንልሃለች። አንተ ጠያቂ ነህና ማን እንደጠራህ ለማየት ትዞራለህ፤ ዞር ስትል ቁጭ ትላለህ። በየቀኑ እንደዚያ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ወጣችና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። "ዝም በሉለት! አንዱን ይጨርስ!" አለች። መንገዱ በሙሉ ዝም አለ። ጋጋሪው አካፋውን እንደያዘ ቆመ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንተ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰማያዊ በር ብቻ እያየህ መንገዱን ተሻገርክ። ደረስክና በሩን በሁለት እጅህ ያዝከው። ያኔ ሴትዮዋ "አሁን ጥሩት!" አለች፤ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ስምህን ጮኸ።

እህትህ፣ ከሦስተኛ ፎቅ

.

ታኅሣሥ 19

እትዬ፣

በተራ አነበብኩት። ማለቴ መጀመሪያ መጨረሻውን፣ ከዚያ በተራ።

ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው ስትለኝ ይጠብቁኝ አልኳት። ቤቱን በሁለት ቀን ሠራሁት፤ በሩ ልክ ገባ። በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ቀርጬ አቁሜአለሁ፣ የጥፍር ያህል ናት፤ ጣቷ አፏ ላይ ነው። ከማዶ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉ፣ አንዱ ቆሟል፣ አንዷ ትንፋሿን ይዛለች። ባዶ ቦታ የለም።

ቅዳሜ ሰፈሩንና መደገፊያውን ይዤ እመጣለሁ። ባለቤቴ ያን ሁሉ ተሸክመህ ደረጃ አትወጣም ብላለች፤ ዕቃውን ባለ ልኳንዳው ከእነ ልጆቻቸው ያወጡልኛል ብለሽ ከደብዳቤው ጋር በላክሽው ወረቀት የጻፍሽውን አንብቤላት ነው የፈቀደችልኝ። እኔ ባዶ እጄን ነው የምወጣው።

መስኮት ላይ ሆነሽ እንደምትጠብቂኝ አውቃለሁ። ስታዪኝ ስሜን እንዳትጠሪ። እኔም ከታች አልጣራም። አርባ ስድስቱን ስጨርስ በርሽን በሁለት እጄ እይዘዋለሁ፤ ያኔ ጥሪኝ።

ወንድምሽ